የባሕር ጠለል አየር

ቱሉ ዲምቱ ጀርባ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ጤፍ በሚጀምርበት፣
የወይዘሮ ትርፌ የዶሮ ቤት አለ፣ ከሰፈሩ ቀድሞ የሚመሽበት።
ምሰሶው ቆሟል እንጂ ሽቦው አልመጣም፤
“በቅርቡ” ያሏት ቀን ካላንደር ላይ አይወጣም።

ስለዚህ ነፋስ አሰብን።
ጉተማ መጥረቢያ ያዘ፣ እኔ ደብተር ያዝኩ፤
እሱ ጽድ ሲጠርብ፣ እኔ ነፋስ ቆጠርኩ።

ክንፉን ከእምብርቱ እስከ ጫፉ
ዐሥር ቦታ በወረቀት ቆራረጥኩት፤
የየቁራጩን ዝንባሌ፣ ወርዱን፣
ወደ ላይ የሚያነሳውን፣ ወደ ኋላ የሚጎትተውን፣
እንደ ዕቁብ ጸሐፊ አንድ በአንድ ደመርኩት።
ትንበያን ከትንቢት የሚለየው ላጲስ ነው፤
የኔው ላጲስ ደግሞ አልቆ፣ በጣቴ ነው የማሸው።

መጽሐፉ አንድ ሕግ አለው፦
ከነፋስ ጉልበት ላይ፣ ከሃያ ሰባት እጅ
ዐሥራ ስድስቱን ነው የምትወስደው እንጂ
ከዚያ በላይ የለም።
ሁሉን ከነጠቅከው እደጅህ ላይ ይሞታል፣
ተከታዩ ነፋስ መግቢያ አጥቶ ዞሮ ይሄዳል።
ይህን ለወይዘሮ ትርፌ ባነብላት ሳቀች፤
“ተከራይ ነው በለኛ! ሁሉን ከወሰድክበት ይለቃል” አለች።

ስሌቱ አለቀ። ነፋሱ በሰከንድ ስድስት ሜትር ሲሮጥ፣
መቶ ዐሥራ ሰባት ዋት።
በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩበት።

የካቲት ላይ አቆምነው። ነፋሱ እንደ ቀጠሮው መጣ።
ክንፎቹ አፏጩ፣ ዶሮዎቹ አጥር ሥር ተሸጎጡ፣
የሜትሩ መርፌ ተነሳ፣ ተነሳና
ስልሳ አራት ላይ ቆመ።
የነፋስ መለኪያዋን አየሁ፦ ስድስት። ደግሜ አየሁ፦ ስድስት።
ጉተማ ገመዱን እንደያዘ፣ ሽቅብ እንዳንጋጠጠ፣
“እጄ ነው” አለ። “ጫፉ ላይ ሳላሳሳው አልቀረሁም።”
እኔም ዝም አልኩ።
ይህን ዝምታ ስሌቱ ውስጥ አላስገባሁትም።
ሦስት ቀን ሙሉ ክንፉን አውርዶ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ፣
መዳፉን እንጨቱ ላይ ቀስ አድርጎ ሲያስኬድ፣
ያልሠራውን ጥፋት ሲፈልግ አየሁት።

በአራተኛው ሌሊት አገኘሁት፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣
አንድ ነጥብ ሁለት ሁለት አምስት፣
የአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ክብደት በኪሎ፣
ቀመሩን ያወጣው ሰው ባሕር ዳር ተቀምጦ የመዘነው
(ጣናን አይደለም የምለው፤ ጨው ያለውን ነው)።
ባሕር የሌላት አገር ልጅ ሆኜ
ያልተነፈስኩትን አየር ደብተሬ ላይ ዘግኜ!
እኛ ጋ፣ ሽቅብ ሲወጡ፣ አየሩ ይሳሳል፤
ታች አራት እፍኝ የነበረው ሦስት እፍኝ ሆኖ ይደርሳል።

ሌላም ጥፋት ነበረኝ።
የክንፉን ጠባይ የገለበጥኩት ከትልልቆቹ ሰንጠረዥ ነው።
ለትልቅ ክንፍ አየር ውኃ ነው፣ ያሳልፈዋል፤
ለትንሽ ክንፍ ግን ማር ነው፣ ይይዘዋል፤
ያው የሳሳው አየር፣ ትንሽ ሲመጣበት ይወፍራል።
(ወይዘሮ ትርፌ ይህንንም ታውቀዋለች፣
ለሽቦው ስንቴ ወረፋ ይዛለች።)

ማለዳ ወርክሾፑ ሄድኩ። “ጉተማ፣ እጅህ ልክ ነበር” አልኩት።
“ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አየሩን የሰው አገር አየር አድርጌ ቆጠርኩት።”
ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አወረደ፣
የፍቅፋቂውን ብናኝ እፍ አለና
“እንግዲያው አዲሱ ምን ያህል ይርዘም?” አለኝ።
“ስንዝር ተኩል።”
የማን ስንዝር እንደሆነ አልጠየቀም፤ የራሱን ለካ።

ማታ ስልሳ አራቱ ዋት ስድስት አምፖል አበራ፤
አንዲት ቀይ ዶሮ ነጋ ብላ ወርዳ መጫር ጀመረች።
እኔም በጉተማ እርሳስ አዲሱን ቁጥር ጻፍኩ።
ከሥሩ አላሰመርኩም።